የይመር ቦይ

ሐሙስ፣ ነሐሴ 9

ዛሬ ከሰዓት ጎርፉ ከተራራው ወረደ። ትምህርት እስኪከፈት የውሃው ሥራ የእኔ ነው። ማሽላችን ከጠጣ በኋላ ቦዩን ከፍቼ ለጎረቤታችን ለይመር ማሳለፍ ነበረብኝ። አላሳለፍኩም። በወንድሜ በከድር አካፋ ቦዩን ደፈንኩት፤ ውሃው አሸዋው ላይ ፈሶ ቀረ። ደስ አለኝ።

ሰኔ ላይ ከድርን እባብ ሲነድፈው ይመር ባጃጁን ከለከለን። «ነዳጅ የላትም» አለ። ከከድር ቀብር ስንመለስ ሰው ጭኖ ወደ ሮቢት ሲነዳት አየሁት።

አመሻሽ ላይ መጥቶ የደረቀ ማሳውን አየ።

«ልጄ፣ ጎርፉ እኔ ጋ ሳይደርስ አለቀ?»

«አለቀ።»

«ወይ ከድር! እሱ ቢኖር ከራሱም ቀንሶ ይለቅልኝ ነበር።»

አንቱታው ከአፌ ጠፋ። «ባጃጅህን ብትሰጠን ይኖር ነበር» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ይህም አላጠገበኝም።

ቤት ስገባ እማ፣ «ለጋሽ ይመር አሳለፍክላቸው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«የወንድምህ ልብ አለህ» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ከድር ከሞተ ወዲህ ፈገግ ስትል ያየኋት ገና ዛሬ ነው።

ነገም ጎርፍ ከመጣ እደፍነዋለሁ። በከድር አካፋ ግን አይሆንም።