ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ስለቀሩብኝ አንባቢዎች

ለተከበሩ አቶ አብዱልፈታህ፣
ከአጥሬ ማዶ ላለው የሰፈራችን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣
ሸዋ ሮቢት

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ጤናዎን ያብዛልዎ፤ በዚህ በቆላችን ሙቀት የቢሮዎ ማራገቢያ ለአፍታ እንኳ እንዳይቆምብዎ ዱዓ አደርጋለሁ። እኔ ሙሀባ እባላለሁ፤ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ማሾና ሽንኩርት የምዘራ፣ ፊደል በሃምሳ ሦስት ዓመቴ በጎልማሶች ትምህርት የቆጠርኩ ባልቴት ነኝ። ሟቹ ባሌ ሳልህ ከአሰብ የላከልኝን ደብዳቤ ሁሉ ሰው እያነበበልኝ ነው የኖርኩት። ራሴ ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ደግሞ የሚጽፍልኝ የለም። እንግዲያው እኔ ልጻፍ ብዬ ነው።

፩. በቅድሚያ ስለ ደብተሮቹ ውበት አመሰግናለሁ። የጎረቤቴ ልጅ ኑርሃን ሰባተኛ ክፍል ናት። መስከረም ላይ የሳይንስ ደብተሯን ባየው፣ ርዕሱ በቀይ፣ ሌላው በሰማያዊ እስክሪብቶ ተውቧል። የተክል ሥር ጥቅሞች ከተዘረዘሩበት መካከል በአራተኛ ተራ «ነገ ስለምንቀጥል አይጥፋ» የሚል አገኘሁ። መምህሩ ሰሌዳ ለሚያጠፋው ተረኛ የጻፉትን ከትምህርቱ ጋር ገልብጣዋለች፤ ግርጌው ላይም «ታይቷል» ተብሎ ተፈርሞበታል። የሥር አራተኛ ጥቅም ምንድን ነው ብላት፣ ይህንኑ በቃሏ አነበነበችልኝ።

፪. ኅዳር ላይ ከደብረ ሲና የተዛወሩት መምህር ደረጄ ይህን ያማረ ሥራ አበላሹት። በሳይንስ ሰዓት ልጆቹን ያስነብቡና ያስጽፉ ጀመር፤ የሒሳብና የጂኦግራፊ መምህራንንም አግባቡ። ሽንኩርት ለምን እንደሚበሰብስ ገበሬ ጠይቁ፣ በራሳችሁ ቃል ጻፉ፣ ለጠየቃችሁት ሰውም አንብቡለት አሏቸው። በዚህ ምክንያት ኑርሃንን ጨምሮ ስምንት ልጆች ሐሙስ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ደጄ ምንጣፍ ላይ ይቀመጡ ነበር። ከእነሱ አንዱ ረድዋን ውሃ ሲበዛበት ይበሰብሳል ብሎ ቢጽፍ፣ ስንት ቀን ሲቆይበት ብዬ መለስኩት። እየተነጫነጨ ማሳው ድረስ ሄዶ፣ አይቶ ጻፈ።

፫. እርስዎ ግን ንባብና ጽሕፈት የአማርኛ መምህሩ ድርሻ ነው፣ የሳይንሱ መጽሐፍ በጊዜው ይጠናቀቅ ብለው በስብሰባ አስቆሙት። ልክ ነዎት። ልጆቹ አድገው ሲታመሙ፣ የመድኃኒቱን ወረቀት የአማርኛ መምህራቸው ቤታቸው ድረስ እየመጡ ያነቡላቸዋል።

፬. ይህኛው አቤቱታ አይደለም። ሐሙስ ሲሆን እጄ ሳላዘው ምንጣፉን ያነጥፋል። ዐስር ሰግጄ እቀመጣለሁ። ልጆቹ በአጥሩ በኩል ያልፋሉ፣ ሰላም ይሉኛል፣ አይገቡም። ስለ ጸጥታው አመሰግናለሁ፤ በእኔ ዕድሜ ለደም ግፊት ጥሩ ነው ይላሉ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሐሙሱን ሥራ ለመምህር ደረጄ ይመልሱላቸው። ምንጣፉን እኔ እችላለሁ።

የሥልጣን ወንበርዎን ከልብ የማከብር፣ የአጥር ጎረቤትዎ፣ ከዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት ወዲህ ያለ አውራ ጣት ቀለም የምፈርም፣
ሙሀባ አብዱልሰመድ

ማስታወሻ፦ ተማሪዎች ወደ ግለሰብ ቤት እንዳይሄዱ የሚያሳስበውን ደብዳቤዎን ያደረሰችልኝ ኑርሃን ናት። መነጽሬን እስካገኝ አልጠበቀችም፤ በሬ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች ሳትደናቀፍ አነበበችልኝ። ከዚያ አጣጥፋ ሰጠችኝና፣ «እትዬ ሙሀባ፣ በራሴ ቃል ልንገርዎ? ከእንግዲህ አትምጡ ነው የሚለው» አለችኝ። እባክዎ ውጤቷን ለመምህር ደረጄ ይንገሩልኝ።