ስለ አባቴ እግሮችና ስለ ኮሌስትሮል ኪኒኑ

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፤

ይህ ጽሑፍ በዚህ በቆቦ ሙቀት በሙሉ ጤንነትና በሚሠራ ማራገቢያ ሥር እንዲያገኝዎት ከልብ እመኛለሁ። እኔ ዘንድሮ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄ፣ ሥራ እስካገኝ የአባቴን ማሽላ ከወፍ የምጠብቅ ወጣት ነኝ። ጥበቃው የአባቴ ነበር፤ ዛሬ ግን ማማው ላይ መውጣት አልቻለም።

አባቴን ልቡን ባመመው ጊዜ የደም ቅባት የሚያወርደውን ኪኒን ስለ ሰጣችሁት አመሰግናለሁ። መድኃኒቱ ብዙ ሰው እንደሚያድን አንብቤያለሁና ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምለው። ሽሙጡ ከዚህ ይጀምራል።

፩ኛ. ኪኒኑ አንዳንድ ሰው ላይ ጡንቻ እንደሚያሳምም፣ ከስንት አንዴም ጡንቻን አፍርሶ ኩላሊት እንደሚጎዳ ያልነገራችሁት እንዳይደነግጥ አስባችሁ እንደሆነ ይገባኛል። ተሳክቶላችኋል። ጭኑ እየተቃጠለ፣ ከመስገጃው ለመነሳት የእናቴን የኡሙሃኒን ትከሻ እየተደገፈ እንኳ አልደነገጠም፤ እርጅና ነው ብሎ ተቀበለው።

፪ኛ. በየቀጠሮው «እንዴት ነዎት?» ብላችሁ መጠየቃችሁ የሚያስመሰግን ነው። አባቴም «አልሐምዱሊላህ» አለ። ከዋጃ እስከ ሮቢት ፈጣሪውን ሳያመሰግን ሕመሙን የሚዘረዝር ሽማግሌ ካለ ያሳዩኝ፤ እዚህ አገር ሕመም የሚወጣው ደጋግሞ ለጠየቀ ሰው ነው። ደጋግሞ የጠየቀው ግን አልነበረም። ካርዱ ላይ «ቅሬታ የለውም» ተብሎ ተጻፈ፣ መጠኑም ተጨመረለት።

፫ኛ. ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ሲሆን በባጃጅ ይዤው መጣሁ። ፀሐይ ነው፣ ውሃ ይጠጣ ተባልን። የራያ ሰው ስለ ፀሐይ ከእናንተ በመማሩ ዕድለኛ ነው። የጡንቻ ጉዳት የሚያሳይ የደም ምርመራ ስጠይቅ ባለሙያዎ «ጎግል ያስመረቀው ዶክተር መጣልን» ብሎ አሳቀብኝ። ምርመራው እናንተ ዘንድ እንደሌለ፣ ሪፈር የሚፈርሙትም እርስዎ ከስብሰባ ሲመለሱ እንደሆነ ተነገረን። ስብሰባው ስለ መድኃኒት ደህንነት ነበር አሉ፤ ከጤና ጣቢያችን አንድም የጎንዮሽ ጉዳት እንዳልተመዘገበ ሲገልጹ ተጨበጨበልዎት። እንኳን ደስ ያለዎት።

አባቴ አሁን ማንንም ሳያማክር ኪኒኑን ትቶታል። ሲውጠው ስለ እግሩ፣ ሲተወው ስለ ልቡ እንሰጋለን። መጠኑን የሚቀንስለት ወይም በሌላ የሚቀይርለት አንድ ሰው ብቻ ነበር የፈለግነው። የሄድንበት የግል ክሊኒክም ያው ወደ እናንተ መለሰን። ስመረቅ ማመልከቻ በደንብ የጻፈ ሰው መልስ የሚያገኝ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ይህን ማመልከቻ ነው አይበሉት፤ መልስም አልጠብቅም።

ከፍ ካለ አክብሮትና እጅግ ዝቅ ካለ ተስፋ ጋር፣ ወፎቹ ፋታ በሰጡኝ ሰዓት ከማማው ላይ የጻፍኩት፣
ሸረፈዲን ኢብሮ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አባቴ የማማውን እግር ተደግፎ ቆሞ «አንተ ልጅ፣ ወፉን ትተህ ምን ትሞነጫጭራለህ?» አለኝ። ለእርስዎ የምስጋና ደብዳቤ ነው አልኩት። ደስ አለው፤ እጁን ዘርግቶም «ኸይር ሰው ናቸው፣ ለእኔ እንዳደረጉልኝ አላህ ለእሳቸውም ያድርግላቸው በልልኝ» ብሎ መረቀዎት። እኔም አሚን ብያለሁ።