ሳትሞት ለተለቀሰላት ለባለቤቴ ለወይንሸት

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም። እሑድ ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ቆቦ ከተማ በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ፣ እኔ አራጌ ይመር፣ ዕድሜዬ ስድሳ ዘጠኝ፣ ሥራዬ የሽንኩርት ገበሬ፣ ይህን ኑዛዜ በአንደበቴ ተናግሬ መምህር ሄኖክን አስጽፌአለሁ። ማንም አላስገደደኝም። አእምሮዬ ጤነኛ ስለመሆኑ ምስክሮቼ መርምረውኛል። ጎረቤቴ ነጅሙዲን የዛሬ ሠላሳ ዓመት ዋጃ ገበያ የሸጠልኝ ግመል የትኛው እግሩ ያነክስ እንደነበር ጠየቀኝ፤ እኔም የኋላ ግራው ብዬ መለስኩ፤ ሲሸጥልኝ ግን አልነገረኝም ነበር። በዚህ ጊዜ ባለቤቴ ወይንሸት አበጋዝ ከጓዳ ሆና «ሲያገባኝም አእምሮው እንደዚሁ ነበር፤ ዛሬ ምን አዲስ ተገኘ?» ብላለች። የተባለው ሁሉ ይጻፍ ብያለሁና ይህም ይጻፍ።

የኑዛዜው ምክንያት የሚከተለው ነው። ወይንሸት የጡት ካንሰር ይዟት ደሴ ላይ ስድስት ዙር ኬሞ ታዞላታል። አራቱን ወስዳለች፤ ሐኪሞቹም በጎ ምልክት አይተዋል። ሁለቱን ግን አልወስድም ብላለች። ቀጠሮዋ የፊታችን ሐሙስ ነው። እኔ ደግሞ ግፊቴ አሻቅቦ ልብህ ደክሟል ተብያለሁ። ቀድሜያት ብወድቅ አያያዟን የሚያውቅ የለም፤ ካልሄደች ደግሞ አያያዝ ማወቁም ምን ይሠራል?

አንደኛ፤ እምቢታዋ ከየት እንደመጣ ላስረዳ። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ፀጉሯ በሚዶ እየተነቀለ አለቀ። የራያ ሰው ፀጉሩን እንዴት እንደሚወድ ለእናንተ አልናገርም። ሻሽ አስራ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔ ደግሞ እስከዚህ ዕድሜ ድረስ ጎፈሬዬን ተሸክሜ እዞር ነበር፤ እሷም ባየችው ቁጥር ዓይኗ እንባ ያቀራል። አራተኛውን ዙር በወሰደች ማግስት ደሴ ላይ ወደ ፀጉር አስተካካይ ገብቼ በምላጭ አስላጨሁት። ስታየኝ «ዱባ መስለህ መጣህ?» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። በሁለት ወር ውስጥ ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ሐኪሞቹ ደሟ ቀንሷልና ሦስት ቀን ትቆይ አሉ። የሽንኩርቴ የውኃ ተራ ስለደረሰ ልጃችንን ትርሲትን አጠገቧ ትቼ፣ የቆሸሸ ልብሷንና አንድ ጥንድ ጫማዋን ይዤ ብቻዬን አውቶብስ ተሳፈርኩ። ጎብዬ ላይ የሚያውቁን ሰዎች በመስኮት አዩኝና ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ ለሕመሟ መስሎኝ «ምን ይደረግ፣ የእግዜር ሥራ ነው» አልኳቸው። ሮቢት ላይ አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ አለቀሰች፤ አዛኝ ሴት ናት ብዬ መረቅኳት። በሀገራችን ሚስቱን ሊያሳክም ሄዶ ራሱን ተላጭቶ፣ ጫማዋን ታቅፎ የተመለሰ ባል ምን ሆኖ እንደተመለሰ ሕፃን ልጅም ይገባዋል። ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ለካ ወሬው በስልክ ቀድሞኝ ቆቦ ገብቷል።

ቆቦ ስደርስ ሰፈራችን ድንኳን ተተክሏል። እንደ ደንቡ ወይኔ ወይኔ እያልኩ እየጮኽኩ ገባሁ። ለቅሶ ላይ ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ነውር ስለሆነ አልጠየቅሁም። የዕድራችን ዳኛ ሙሉጌታ አንገቴን አቅፎ አለቀሰ፣ እኔም አንገቱን አቅፌ አለቀስኩ። በሆዴ ግን ምስኪን፣ ማን ሞቶበት ይሆን እላለሁ። አልቃሿም «ዝምተኛዋ ወይንሸት፣ ለባሏ ቃል የማትመልሰው» እያለች ታወርዳለች። ተመስገን፣ ሌላ ወይንሸት ናት አልኩ። ቀና ስል የሠርጋችን ፎቶ ወንበር ላይ ቆሟል።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነበርና እኔ መንገድ ላይ ሳለሁ ተደውሎ ሞቷ የተነገራቸው መሰለኝ። መሬት ላይ ተዘርሬ «ማን ደወለላችሁ?» አልኩ። ነጅሙዲን እንደምንም ጥያቄዬ ገብቶት በራሱ ስልክ ለትርሲት ደወለና ጆሮዬ ላይ አስደገፈልኝ። የመጣው ድምፅ የወይንሸት ነበር፦ «አንተ ሰውዬ፣ ስትመለስ ሎሚ ይዘህ ና፤ አፌን ብረት ብረት ይለኛል።» በአርባ አራት ዓመት ትዳር ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል ሰምቼ አላውቅም።

እሷ ግን ከደሴ ስትመለስ ወዳጇን ኡሙሃኒን አስቀምጣ ማን ምን ያህል እንዳለቀሰ አንድ በአንድ አስነገረች። ከዚያም «እንዲህ ተለቅሶልኝማ ምን ቀረኝ? ድንኳኑ ተተክሏል፣ ንፍሮው ተበልቷል። ከእንግዲህ መርፌ ለምኔ?» አለች። ያው እስከዛሬ በዚሁ ቃሏ ጸንታለች።

ሁለተኛ፤ ለልጄ ለትርሲት አረንጓዴውን ባልዲ፣ የሙቀት መለኪያውንና በመከራ ያገኘሁትን እውቀት አወርሳለሁ። ሙቀቷ ሠላሳ ስምንት ከደረሰ ቀንም ይሁን ሌሊት በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ትወሰድ። መጀመሪያ ጠበል የሚል ቢመጣ፣ ቄስ ይድነቃቸው ራሳቸው «መኪናው ውስጥ ሆናችሁ ጸልዩ» ብለዋልና እሳቸውን ጥሩ። የብረት ማንኪያ አታቅርቡላት፤ በእንጨት ማንኪያ ትብላ፣ በቀንድ ዋንጫ ትጠጣ። አፏ ሲቆስል በርበሬ አይታሰብም፤ ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት ስጧት፣ በጨው ውኃም ትጉመጥመጥ። ጠያቂ መከልከል ነውር ነው፤ ስለዚህ እጁን ታጥቦ በር ላይ ቆሞ ይጠይቅ። የሚያስለው ከአስፋልቱ ማዶ ሆኖ እጁን ያወዛውዝላት። አጠገቧ ሽንኩርት አይቁላላ። እኔንም ሽንኩርት ሸተትከኝ ብላ ሁለት ወር በረንዳ ላይ አስተኝታኛለች። አልተቀየምኩም። ትንሽ ተቀይሜአለሁ። ሲያስመልሳት ባልዲውን ይዘሽ ዝም በይ እንጂ አይዞሽ እንዳትያት፤ እኔ አይዞሽ ብዬ ባልዲው ተወርውሮብኛል።

ሦስተኛ፤ ለሙሉጌታ የግድግዳ ሰዓቴን እተዋለሁ። ለልጄ ሠርግ ድንኳን ለማምጣት ሦስት ቀን የፈጀ ሰው፣ ለሚስቴ ለቅሶ በግማሽ ሰዓት ተከለው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ሰዓቱን እያየ ይረጋጋ። ሙሉጌታ «ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የተላጨው ሰው?» ሲል ተቃውሟል። ተመዝግቧል።

አራተኛ፤ ለነጅሙዲን ግመሉን ይቅር ብዬዋለሁ።

አምስተኛ፤ ቤቱና የመስኖው መሬት ግማሽ የወይንሸት ነው። የእኔንም ግማሽ ለእሷ አወርሳለሁ፤ ነገር ግን ሁለቱን ዙር ከጨረሰች ብቻ ነው። ካልጨረሰች የእኔ ድርሻ ሮቢት ለምትኖረው ለእህቴ ለእናኑ ይሁን፤ እሷም ከነዶሮዎቿ እዚህ ቤት ትግባ።

ይህ ሲነበብ ወይንሸት ከጓዳ ወጥታለች።

«እናኑ? ከነዶሮዎቿ?»

«ከነዶሮዎቿ።»

«ዶሮ ቀርቶ ዝሆን ትንዳ! አልሄድም ብያለሁ አልሄድም። ደግሞስ ሐሙስ አስተርእዮ ማርያም አይደለችም እንዴ?»

ቄስ ይድነቃቸው «ልጄ፣ እመቤታችን ደሴም አለች» አሉ።

«አባ፣ እናንተ አይደላችሁም የምትቃጠሉት። ጣቴ ደንዝዞ ቁልፍ መቆለፍ አቅቶኛል፤ የበላሁት ሁሉ ባልዲ ውስጥ ነው። ደክሞኛል።»

ኡሙሃኒ እጇን ይዛ «ወይንዬ፣ አብሽሪ፤ አላህ ያሽርሻል። ያን ቀን ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ነው ያለቀስኩልሽ። ወላሂ ሁለተኛ የማለቅስበት ድምፅ የለኝም» አለቻት።

ስድስተኛ፤ ይህ ቀድሞ ያልታሰበ ነው፤ ሄኖክ ግን እንደወረደ ይጻፈው። ወይንሸት ሆይ፣ የእናኑ ነገር ማስፈራሪያ ነው። ዶሮዎቿን እኔም አልችላቸውም። ቤቱም መሬቱም ሄድሽም ቀረሽም የአንቺ ነው። እውነቱን ልናገር፤ እፈራለሁ። ያን ቀን አንቺ የሌለሽበትን ቤት ሩብ ሰዓት ኖሬበታለሁ። የሚሰድበኝ ሰው አልነበረበትም። ለሁለተኛ ጊዜ አልችለውም። ባልዲውን ዕድሜ ልኬን እይዛለሁ፤ በረንዳውም ለምጄዋለሁ። ሐሙስ አብረን እንሂድ።

ወይንሸት ዝም አለች። ጸሐፊው በዚህ ቤት ሲገባና ሲወጣ ይህን ሲያይ የመጀመሪያው መሆኑን ጨምሮ ጽፏል።

ይህ ኑዛዜ ከላይ እስከ ታች በተናዛዡና በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነብቦ፣ ቃሌ ነው ብዬ ፈርሜአለሁ።

ተናዛዥ፦ አራጌ ይመር
ምስክሮች፦ ቄስ ይድነቃቸው፤ ነጅሙዲን ሰይድ፤ ኡሙሃኒ (እያለቀሰች የፈረመች)፤ ሙሉጌታ (ስለ ሰዓቱ ያለው ተቃውሞ እንደተጠበቀ ሆኖ)
ጸሐፊ፦ መምህር ሄኖክ

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ። ወይንሸት አበጋዝ ወራሽ በመሆኗ ምስክር መሆን አትችልም ቢባልም ወረቀቱን ከጸሐፊው እጅ ወስዳለች። ብዕር መያዝ ስላልቻለች አውራ ጣቷን አትማ ይህን አስጽፋለች፦

«ሐሙስ እሄዳለሁ። ሎሚውን እሱ ይያዝ። ፀጉሩን ግን ድኜ እስክመለስ ድረስ ምላጭ እንዳያስነካው።»