የናጋኖ ሰባተኛ ዓመት

ውዴ አስካለ፣

ከተለየሽኝ እነሆ ሰባት ዓመት ሞላ። ደብረ ብርሃን ብርዷን አልተወችም፤ እኔ ግን ጉልበቴ ከድቶኝ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ሁለቴ እያረፍኩ ነው የምወጣው።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ልጃችን ነው። ሰናይት ለትምህርት ጃፓን፣ ናጋኖ የሚባል አውራጃ ከሄደች ሦስት ዓመቷ ነው። ለሰባት ዓመት ተዝካርሽ ትመጣለች ብዬ፣ ጠላው ሳይጠነሰስ ለዘመድ ሁሉ አውርቼ ነበር። እሷ ግን "አባዬ፣ ፈተና ላይ ነኝ፤ አልችልም" አለችኝ። "እናትሽን ከረሳሽ እኔንም እርሺኝ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁት፤ ከዚያ ወዲህ ስትደውል አላነሣሁም። ብትኖሪ "አንተ ሰው፣ አፍህ ከልብህ ይቀድማል" ትዪኝ ነበር።

አላነሣ ስላት ድምፅዋን እየቀዳች ትልክልኝ ጀመር። አገሩ እንደ አንኮበር ተራራና ገደል ነው አለች። ጎመን በሊጥ ጠቅልለው ምድጃ ላይ ይጋግራሉ። በረዶ ሲጥል ዝንጀሮዎቹ ፍል ውኃ ውስጥ እስከ አንገታቸው ተነክረው ይቀመጣሉ። አንኮበር እናትሽ ቤት ስንሄድ የገብሱን ማሳ የሚያጠፉትን ጭላዳዎች እያባረርሽ፣ "እነዚህ እኮ ጠበል መግባት ብቻ ነው የቀራቸው" ያልሽው ትዝ አለኝ። ብቻዬን ሳቅሁ። ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር።

የመጨረሻው መልእክቷ ግን አንገቴን አስደፋኝ። እዚያ በምትኖርበት ከተማ አንድ ጥንታዊ የእምነት ቤት አለ፤ ካህናቱ እንኳ የማያዩት ስውር ምስል አለበት። በሰባት ዓመት አንዴ አምሳያውን ያወጡና ከእጁ ክር ስበው ደጅ ከቆመ ግንድ ጋር ያስሩታል። ግንዱን የነካ የምስሉን እጅ እንደጨበጠ ይቆጠራል፤ ሕዝቡ ይጋፋል። "እኔ አልነካሁም አባዬ፣ የእኛ አይደለም። ዳር ቆሜ ግን ለእናቴም ሰባት ዓመቷ ነው ብዬ ስሟን ጠራሁ" ትላለች።

ታዲያ ማን ነው የረሳሽ? ተዝካሩን የፈለግሁት ለነፍስሽ ነው ወይስ "ልጁ ከባሕር ማዶ መጣችለት" እንዲባልልኝ? የንስሐ አባቴ ዘንድ ሳልደርስ መልሱን አወቅሁት።

ትናንት ተዝካርሽ ወጣ። ድግሱ ትንሽ ነበር፤ ነዳያን በሉ። ፍትሐቱ ሳይጀመር ለሰናይት እኔው ደወልኩላትና ስልኩን ወደ ቄሱ ዘርግቼ ቆምኩ። እጄ ዛለ፤ አላወረድሁትም። እንደዚያ ግንድ ቆሜ ዋልኩ። ስምሽ ሲጠራ "አቤቱ ማራት" የሚል ድምፅ ከናጋኖ መጣ። "ይቅር በይኝ ልጄ፤ ትምህርትሽን ጨርሺ" አልኳት።

ጉልበቴ ጨርሶ እስኪከዳኝ በየቅዳሴው ስምሽን አስጠራለሁ። ከዚያ ወዲያ እሷ ትጠራሻለች፤ የትም ብትሆን።