በበረንዳዎ ላይ ስለተዘረጋው የኪዳነ ምሕረት ጥላ

ይድረስ፤ በባሕር ዳር ከተማ «ነፋሻው ሞገድ» ለተባለው የሞተር ጀልባ መንገደኞች ማመላለሻ ጽሕፈት ቤት፣ ለክቡር ዋና ሹም።

ግልባጭ፤ ለአርብ ገበያ ሕዝብ፤ በገበያው ቀን ከዛፉ ሥር ጮክ ተብሎ የሚነበብ።

ክቡር ሆይ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ራስዎን አያምዎትም? ጉልበትዎ፣ ትንፋሽዎ፣ እንቅልፍዎ፣ በተለይም ሆድዎ ደኅና ነው? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት፣ ከቆዳችን መላጥና ከድካማችን በቀር ደኅና ነን። የእርስዎን ጤና ከልማድ በላይ አጥብቄ የምጠይቅበት ምክንያት ስላለኝ፣ እሱንም ከደብዳቤው ግርጌ ስለማስረዳ፣ ንባቡን እስኪጨርሱ ድረስ በሕይወት እንዲቆዩልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ ተሻገር ዋለ እባላለሁ፤ አገሬ ታች ጋይንት ነው፤ ዕድሜዬ ሰባ አንድ ሲሆን ከዚያ ውስጥ ሃያ ሁለቱን ዓመት የአጥቢያ ዳኛ ጸሐፊ ሆኜ አገልግያለሁ። «ነገ ተመለስ» የሚለውን ቃል በሌላ ሰው ላይ ስንት ጊዜ እንደ ጻፍኩት ስለማውቅ፣ ዛሬ በራሴ ላይ ሲደርስ ብዙ አልገረመኝም። የደከመኝ ግን እውነት ነው።

ነገሩ ከባለቤቴ ይጀምራል። ወይዘሮ ወለተ ማርያም ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኗን ታማ፣ ወደ ደጅ ብቅ ስትል ብርሃኑ እየወጋት፣ እንባዋ እየወረደ፣ ከጓዳ ጨለማ ተቀምጣ ከርማ ነበር። ዓይኔ ቢበራልኝ በጣና ደሴት ላለችው ኪዳነ ምሕረት ጥላ አገባለሁ ብላ ተሳለች፤ ዓይኗም በራ። ጥላው ተገዛ፤ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ ያለው። እርስዎ የከተማ ሰው ስለሆኑ ላያውቁት ይችላሉ ብዬ ነው እንጂ፣ በእኛ ዘንድ ለታቦት የተሳለ ጥላ ከቤት ከወጣ ጀምሮ እስኪገባ ድረስ በሰው ራስ ላይ አይዘረጋም። ፀሐይ ቢያቃጥል፣ በረዶ ቢወርድ፣ ታጥፎ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፈውት ይሄዳሉ።

በጥር ወር ታዲያ የጽሕፈት ቤትዎ ማስታወቂያ ከደብራችን ደረሰ፤ ቄስ ገብረ ኢየሱስም ከቅዳሴ በኋላ አነበቡልን። «የፀሐይ መከላከያ ያልያዘ መንገደኛ አይሳፈርም፤ የያዘውንም በተያያዘው ቅጽ ላይ ዘርዝሮ ይቅረብ» ይላል። ለዚህ ርኅራኄዎ ምስጋናዬን አስቀድሜ፣ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ እኛ ጋይንቶች ብርድን እንጂ ፀሐይን መከላከል ስለማናውቅ፣ ማስታወቂያዎ ቤታችንን ለአንድ ሳምንት አመሰው። ምራቴ ብርቱካን ለሁላችን ራስ የሚበቃ አደስ የተለወሰ ቅቤ በአንድ ትልቅ ቅል ሞላች። ልጄ ደምሌ በሕይወቱ ባርኔጣ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ከስንዴ አገዳ አምስት ባርኔጣ ጎነጎነ፤ ክፈፋቸው ከመስፋቱ የተነሣ በቅሎዋ አንዱን ባየች ጊዜ ጭነቷን ጥላ እስከ ወንዝ ወረደች። እኔ ድሮ አንድ ዳኛ ጥሎልኝ የሄደውን የቡሽ ባርኔጣ ከቆጥ አወረድኩና ውስጡ የከረሙትን አይጦች ይቅርታ ጠይቄ አስወጣኋቸው። የልጅ ልጄ የሺ «አባባ፣ ከሐይቁ ላይ ፀሐይ ሁለት ነው አሉ፤ አንዱ ከላይ አንዱ ከውሃው» ብትለኝ፣ ዓሦቹም ለዚህ ነው ከቤታቸው የማይወጡ አልኳት፤ አመነችኝ። እንዲህ እየተባለ ሰባት ሰው ሰባት ቀን ሙሉ ሲጠቀልል፣ ሲፈታ፣ እንደገና ሲጠቀልል ሰነበተ፤ ከስንቁ የፀሐይ መከላከያው በለጠ።

ሁለተኛ፤ ይህኛው በደል በግማሽ የእኔ ስለሆነ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እጽፈዋለሁ። የጡረተኛ ጸሐፊ እጅ ቅጽ ሲያይ ያሳክከዋል። ቅጽዎን ከፊቴ ዘርግቼ፣ ቀለሜን በጥብጬ፣ ባማረ እጅ ጽሕፈቴ ከሁሉ በላይ «ተራ ቁጥር አንድ፤ ጃንጥላ፣ ከፋይ፣ ቀይ» ብዬ አሰፈርኩ። ባለቤቴ ከጀርባዬ ቆማ «ተው አንተ ሰውዬ! እሱ እኮ የእኛ አይደለም፤ ምን አግብቶት ከባርኔጣ ጋር ይቆጠራል?» አለች። እኔም ቅጽ ባዶ መስመር አይወድም ብዬ መለስኩላት። ክቡር ሆይ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ስጽፍ ብዙ ሰው ያስለቀሰ መስመር ከእጄ ወጥቶ ይሆናል፤ የገዛ ቤቴን ያስለቀሰው ግን ይህ ነው።

ሦስተኛ፤ ሦስት ቀን በእግርና በበቅሎ እስከ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም በጭነት መኪና ጀርባ ላይ ከበርበሬ ጆንያ ጋር ተጨፍልቀን፣ የነነዌን ጾም በመንገድ እየጾምን ከወደቡ ደረስን። በዚያም ሌላ ማስታወቂያ በምሰሶ ላይ ተለጥፎ ጠበቀን፤ «የሚዘረጋ፣ የሚቀልጥ፣ ወይም ከራስ በላይ ከፍ የሚል ዕቃ ወደ ጀልባ አይገባም።» በሁለቱም ወረቀት ላይ ያለውን ማኅተም አስተያይቼ አየሁ፤ አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው። ባርኔጣዎቹ ከራስ በላይ ናቸው ተብለው ተወሰዱ፤ ከራስ በላይ ካልሆነ ባርኔጣ የት እንደሚደረግ ዘበኛውን ብጠይቀው፣ ምስኪኑ «እኔ ምን አውቃለሁ አባቴ፣ የታዘዝኩትን ነው» አለኝ። ቅቤው ይቀልጣል ተብሎ ተወሰደ። ከዚያ ወደ ወለተ ማርያም ዞረ። እሷ ጥቅልሉን በሁለት እጇ ታቅፋ «ልጄ፣ ይሄ የኪዳነ ምሕረት ነው፤ አይዘረጋም፤ በጄ እንደያዝኩት እሄዳለሁ» ብትለው፣ ልጁ ቅጹን ገልጦ «እማማ፣ እዚህ እኮ ተጽፏል፤ የፀሐይ መከላከያ፣ ተራ ቁጥር አንድ» ብሎ አሳያት። ማንበብ ባትችልም የእኔን እጅ ጽሕፈት ታውቀዋለች። ዞር ብላ አየችኝ። በአርባ ስድስት ዓመት ትዳር ብዙ ተሰድቤያለሁ፤ እንደዚያ ታይቼ ግን አላውቅም። ጥቅልሉንም በገዛ እጇ ለልጁ ሰጠችው፤ እሱም ደረሰኝ ቆረጠልን።

አራተኛ፤ በጀልባዎ ላይ አራት ሰዓት ተቀመጥን። ራሳችን ባዶ፣ ሆዳችን ባዶ፣ ውሃው እንደ መስታወት። ባለቤቴ ነጠላዋን በዓይኗ ላይ ጥላ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች፤ የሺ አፍንጫዋ ቀልቶ የበርበሬ ዛላ መሰለ። በጀልባው ላይ ግን አንድ ጥላ ያለው ተሳፋሪ ነበረ፤ እሱም ሞተሩ ነው። አራት እንጨት ቆሞለት፣ ሸራ ተወጥሮለት፣ በዳስ ውስጥ እንደ ሙሽራ ተቀምጦ ያጉረመርማል። ነጂውን ምክንያቱን ብጠይቀው «ሞተር ፀሐይ አይችልማ፣ አባባ!» አለኝ። እኔም ዳግም ስወለድ ሞተር ሆኜ እንድወለድ ለመጸለይ አሰብኩና፣ በጾም ቀን እንዲህ ያለ ጸሎት ይከብዳል ብዬ ተውኩት። ጾሙ የነነዌ ስለነበረ፣ ከዓሣ ሆድ የወጣው ነቢይ ትዝ አለኝ፤ ለእሱ እንኳ ፀሐይ ሲመታው ራሱን የምትከልል ቅል በአንድ ሌሊት በቀለችለት። ያችን ጥላ ያጠፋበት ማን እንደሆነ ታሪኩን የሰማ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ግን ስለ ክብርዎ ስል የዚያን ፍጥረት ስም እዚህ አልጽፍም፤ ትንሽ እንደሆነና እንደሚሳብ ብቻ እጠቁማለሁ።

አምስተኛ፤ ይህን ትቼዋለሁ። ባለቤቴ ስለ ሽንት ቤቱ በአደባባይ አይጻፍም ብላኛለች።

ስድስተኛ፤ ከደሴቲቱ ስንደርስ ገበዙ ከዳርቻው ቆመው፣ ስለቱ እንደሚመጣ አስቀድመው ሰምተው ኖሮ፣ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉን። ወለተ ማርያም በመንገዱ ሁሉ የታቀፈችውን አጥታ በባዶ እጇ ደጁን ተሳለመች፤ «አባቴ፣ ከወዲያ ማዶ ቀርቶብኛል፤ ነገ ይመጣል» አለቻቸው። ያን ቃል ስትናገር አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ ብዙ ፀሐይ ችያለሁ፤ ያን መቻል ግን አቃተኝ። በዓሉን አክብረን በማግሥቱ ማታ ስንመለስ ጽሕፈት ቤትዎ ተዘግቷል። በነጋታው ቁልፉ ከሹሙ ዘንድ ነው ተባለ፤ በሦስተኛው ቀን ሹሙ ከቁልፉ ዘንድ ናቸው ተባለ። ስንቃችን አለቀ፤ የሰጡንን ደረሰኝ ይዘን አገራችን ገባን። በደረሰኙ ላይ «ዕቃው በደኅና ይጠበቃል» የሚል ታትሟል። እንዲህ ያለ የሚያጽናና ወረቀት ከጸሎት መጽሐፌ ጋር አኑሬዋለሁ።

ሰባተኛ፤ እነሆ በሚያዝያ ወር ጎረቤቴ አስማረ ማር ሊሸጥ ባሕር ዳር ወርዶ፣ በጽሕፈት ቤትዎ ደጅ ሲያልፍ እርስዎን አየ። እግርዎን በበርጩማ ላይ ሰቅለው፣ ፊትዎን ወደ ሐይቁ መልሰው፣ የሎሚ ውሃ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ከወንበርዎ ጀርባ የታሰረ ቀይ ከፋይ ጥላ፣ የወርቅ ዘርፉ በነፋስ እየተወዛወዘ፣ ራስዎን ከልሎታል። አስማረ ዘርፉን ከእኔ ጋር ሆኖ የመረጠ ሰው ነውና አይሳሳትም። ይህን ስሰማ ተበሳጨሁ ብለው እንዳያስቡ። ዕቃው በደኅና ይጠበቃል ያሉትን ቃል አክብረው፣ ለዘበኛ እንኳ ሳያምኑ፣ ራስዎ ቀኑን ሙሉ ከሥሩ ተቀምጠው መጠበቅዎ የሚያስመሰግን ትጋት ነው። ቅቤውንም እንዲሁ በትጋት ጠብቀው በሽሮዎ ላይ አድርገውት ከሆነ፣ ምራቴ አደሱ ለጠጉር እንጂ ለሆድ እንዳልሆነ እንድነግርዎ አሳስባኛለች። ከላይ ስለ ሆድዎ የጠየቅሁትም በእሷ ትእዛዝ ነው።

አሁን ቀልዱን ለአፍታ ልተወው። ከፋሲካ ወዲህ የወለተ ማርያም ዓይን እንደገና ማልቀስ ጀምሯል። እኔ የጭሱ ነው እላለሁ፤ እሷ የስለቴ ነው ትላለች፤ ሐኪም ብናገኝ ሌላ ነገር ይል ይሆናል። እኔን አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም። ጠዋት ፀሐይ በበሩ ስትገባ ብቻ ፊቷን ወደ ግድግዳ ትመልሳለች፤ እኔም ተነሥቼ በሩን እዘጋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ይህ ነው፤ ሰው በር በመዝጋት እንደሚደክም ከዚህ በፊት አላውቅም ነበር።

ስለዚህ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ጥላውን ወደ እኛ አይላኩት። ሐምሌ ሲገባ ወንዞቻችን ይሞላሉ፤ እሷም ያንን መንገድ ዳግም የምትሄድበት ዓይን የላትም። ጀልባዎ ግን በየሳምንቱ በደሴቲቱ በኩል ያልፋል። ለነጂው ይስጡት፤ ታጥፎ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከሞተሩ ዳስ ሥር ይቀመጥ፤ ነጂውም ለገበዙ ያስረክብና «የወለተ ማርያም ነው» ብቻ ይበል። ገበዙ የሚፈርሙበት አንድ ቁራጭ ወረቀት ብትደርሰኝ ለባለቤቴ አነብላታለሁ። የስንዴ ባርኔጣዎቹን ለአህያ ይስጡልኝ፤ የቡሹን እርስዎ ያድርጉት፤ ከጥላው ሲለዩ ራስዎ እንዳይነድ። በቅጽዎ ላይ የጻፍኩትን ተራ ቁጥር አንድም በዚህ ደብዳቤ፣ በሙሉ ልቦናዬ፣ በዚያው እጄ ሰርዣለሁ።

ስለ ደግነትዎ፣ ስለ ሁለቱ ማስታወቂያዎችዎ፣ ስለ ሞተርዎም ምቾት እያመሰገንኩ፣ ባርኔጣዬን አንሥቼ እጅ እንዳልነሣ ባርኔጣዬ እርስዎ ዘንድ ስላለ፣ በተላጠ መላጣዬ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የእርስዎ ታዛዥ መንገደኛ፣
ተሻገር ዋለ
የቀድሞ የአጥቢያ ዳኛ ጸሐፊ
ታች ጋይንት፣ ግንቦት ፬ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ማስታወሻ፤ ስለ ጤናዎ አጥብቄ የጠየቅሁበትን ምክንያት አስረዳለሁ ብዬ ነበር። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ጥላ የሚዘረጋው ለሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አንደኛው ለታቦት፣ ሁለተኛው ለትልቅ ሰው ሬሳ። አስማረ ያየውን ለገበያው ሰው ሲያወራ፣ እርስዎ ታቦት እንዳልሆኑ ሁሉም ስለተስማማ፣ የጠየቁት ነገር ቀብሩ መቼ ነው የሚለውን ብቻ ነው። ወለተ ማርያምም፣ ያ ሁሉ ሆኖባት፣ «ነፍሱን ይማር፤ ልጆች ይኖሩት ይሆን?» ብላ አዘነችልዎ። እኔ ግን በሕይወት ሊኖሩ ይችላሉ ብዬ ተከራክሬልዎታለሁ። ጥላው ለገበዙ መድረሱን የሚገልጽ ወረቀት እስከ ሰኔ መጨረሻ ከመጣ፣ ደኅና መሆንዎን ተረድተን እልል እንላለን። ካልመጣ ግን፣ ሐምሌ ዐሥራ ስድስት ቀን ቄስ ገብረ ኢየሱስ ፍትሐትዎን ያደርሱልዎታል፤ ንፍሮውን ምራቴ ትቀቅላለች፤ እኔም በገበያው መሀል ቆሜ በራሴ እጅ የጻፍኩትን የሕይወት ታሪክዎን አነባለሁ። እንደሚያውቁት፣ ባዶ መስመር አልተውም።