ዳገት ላይ ብቻ የሚሰማ ድምፅ

ኅዳር 7
ከተዝካር ተመለስኩ። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ግቢ ቆማለች፣ ጭቃዋ እንኳ አልታጠበም። እኔ ባልነበርኩበት ሳምንት ሀዲስ ነው የነዳት፤ የኮንትራት ሾፌሩ። መንጃ ፈቃድ የያዘ ሁሉ ሾፌር መሰለው!

ውርጩ ብሷል። ማታ ሞተሩን እንደ ልማዴ ባና፣ ያን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ላለብሰው ኮፈኑን ከፈትኩ። ባናው ለተዝካር የሄድኩ ጠዋት በጥድፊያ ጎትቼ ከወንበር ኋላ የወረወርኩት ነው። እንዳይንሸራተት ጫፉ ላይ በሲባጎ ያሰርኩት ድንጋይ የለም። ጥበቃው ወስዶት ይሆናል... በዚህ ግቢ ድንጋይም ይሰረቃል።

ኅዳር 9
ዳገቱን ስጀምር ቋ... ቋ... ቋ። ሜዳ ላይ ስደርስ ጸጥ። ሃያ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ፣ ሞተር ሲታመም አውቃለሁ። ፒስተኑ ነው። ሀዲስ የራቤልን ዳገት ማርሽ ሳይቀንስ እያፈነ አውጥቷታል። ሌላ ምን ይሆናል?

ጠየቅኩት። "መድኃኔ ዓለምን ጋሽ በኃይሉ፣ ከተረከብኳት ቀን ጀምሮ ይንኳኳል።" ታዲያ ለምን አልተናገርክም? "ለማን? እርስዎ የሉ።" መልስ ሞልቶታል።

መኪናዋን የሸጠልን ኩባንያ ዋስትና ኅዳር 30 ያበቃል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ቢፈርስ በማን ሊላከክ ነው? በእኔ ነዋ!

ኅዳር 11
አለቃችን አቶ ውባየሁ "በጽሑፍ አቅርብ" አለ። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ደብተር ላይ ግን አንተም ይበዛበታል።

ጻፍኩ። ያበላሻት ሀዲስ መሆኑንም ጨመርኩ። ውባየሁ አነበበና "እንግዲህ በወሩ መጨረሻ ኮንትራቱ አይታደስም" አለ። ሚስቱ አራስ ናት አሉ... ሞተር ከማፈኑ በፊት ማሰብ ነበረበት።

ኅዳር 18
ኮሚቴ! የሞተር ድምፅ የሚያዳምጡ አምስት ሰዎች። ግቢው ሜዳ ነው፤ አስነሳሁ፣ ጸጥ። "ዳገት ላይ ነው የሚሰማው፣ ግቡና እንውጣ" አልኩ። "የተያዘው አጀንዳ በግቢ ውስጥ ነው የሚለው" አሉኝ። አንዱ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አድርጎ "ደህና ናት" አለ። እንዲህ ያለ ሰው ደመወዝ ይበላል።

ኅዳር 24
መኪናዋ ወደ ኩባንያው ጋራዥ እንድትሄድ አልፈረሙም።

ኅዳር 28
ተፈረመ! ውባየሁ ነገ ደብረ ብርሃን ስብሰባ አለው፤ ለዚያ ነው እንጂ ለመኪናዋ አዝኖ አይደለም።

ኅዳር 29
ደብረ ብርሃን፣ ኩባንያው ጋራዥ፣ ገሊላ የምትባል ልጅ መጣችልኝ፤ የቱታዋ እጅጌ ሁለት ጊዜ ተጠቅልሏል። "ሌላ ሰው የለም?" አልኩ። መኪናዋ ውስጥ ገባች። ዳገት ወጣን፣ አዳመጠች፣ ተመለስን። መኪናዋን ከፍ አድርጋ ከሞተሩ ሥር ያለውን ላሜራ ፈታች።

ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ዱብ አለ። የተበጠሰው ሲባጎ እንደታሰረበት ነው።

"ሞተሩ ጤነኛ ነው አባባ። ዳገት ሲወጡ ይሄ ወደ ኋላ እየተንከባለለ ላሜራውን ይመታል። ከየት መጣ?"

"እንጃ" አልኩ።

እንጃ! የገዛ እጄን ቋጠሮ አጥቼው ነው? በጥድፊያ ባናውን ስጎትት ነው የወደቀው። ሀዲስ ከተረከባት ቀን ጀምሮ ያለኝም እውነቱን ነበር።

ድንጋዩን ኪሴ ከተትኩት። ስንመለስ ዳገቱ ሁሉ ጸጥ። ውባየሁ ከጎኔ ተኝቷል። ሃያ ሁለት ዓመት... ቱ!

ኅዳር 30
ድንጋዩን ውባየሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። "የእኔ ነው። ሀዲስ የለበትም።" አገላብጦ አየውና "በጽሑፍ አቅርብ" አለ። ዛሬ ግን ልንቀው አልቻልኩም። ጻፍኩ፦ የጣልኩትም እኔ፣ የወነጀልኩትም እኔ።

ማታ ሀዲስ ቤት ሄጄ አነበብኩለት። አራሷ ከጓዳ ትሰማለች። "እሺ ጋሼ" ብቻ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 5
የሀዲስ ኮንትራት ታደሰ። ለእኔ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ፤ ሲያንሰኝ ነው።

ዛሬ ለሥራ ወደ ራቤል ስንወጣ ቁልፉን ለሀዲስ ሰጠሁትና እኔ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ዳገቱን ማርሽ ቀንሶ፣ ሳይቸኩል፣ እኔ ከምወጣው አሳምሮ ወጣው። "ጎበዝ" አልኩት። ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም።

እስከ ራቤል ምንም ድምፅ አልነበረም።