በክብደትህ ልክ የተሞላችው ሳይክል

አስናቀዬ፣ የፀዳ ከተማው ቤታችን ምሰሶ፣

የሙት ዓመትህ ተዝካር ካለፈ እንኳ ሰንብቷል። ከተለያየን ወዲህ የደጃችን ጭቃ ሁለቴ ረጥቦ ሁለቴ ደርቋል። እስከ ዛሬ ያልጻፍሁልህ የምነግርህ ጠፍቶ አይደለም። በልቤ ስለማወራህ ወረቀት የሚያስፈልገኝ አልመሰለኝም ነበር። ትናንት የደረሰብኝ ግን በልብ የሚያዝ አልሆነም። ፊደሌ ቢጣመም አትሳቅብኝ። ሳይክልህ ከሥሬ ሰመጠች።

አዎ፣ ያቺው ፊትም ኋላም ሞላ ያላት ሳይክል። አለቃህ ከውጭ አስመጥቶ «የኛን ተራራ ትችል እንደሆን ፈትንልኝ፤ ከቻለች ለአስጎብኚ ልጆቹ ሁሉ እገዛለሁ» ብሎ የሰጠህ ዕለት፣ ደጃፍ ላይ አቁመህ እንዴት እንደ ዞርሃት ትዝ ይለኛል። የበቅሎ ነጋዴ ልጅ አይደለህ! ወገቧን በመዳፍህ ተጫንህ፣ ኋላዋን አንስተህ ጣልህ፣ ጎንበስ ብለህ ሆዷን አየህ። ጥርሷን መቁጠር ብቻ ነበር የቀረህ።

አባትህ አንዲት በቅሎ ሰጋር መሆኗን የሚያረጋግጡት ሙሉ ብርሌ ጠጅ ይዘው በመጋለብ ነበር አልኸኝ፤ ጠጁ ካልፈሰሰ ይገዟታል። አንተ ብርሌም መሪም መጨበጥ አልሆንልህ ስላለ እንቁላል በጃኬትህ የደረት ኪስ ከተትህ። በአሮጌው ሳይክልህ ሞክረኸው መጀመሪያው ቦይ ላይ ፈርጣ ጃኬቱን ያጠብሁት እኔ ነኝ። በአዲሷ ግን የኮሶዬን ቁልቁለት ድንጋይ ለድንጋይ ወርደህ፣ እንቁላሏን እንደ ጨቅላ በሁለት እጅህ አቅፈህ ገባህ። ልጥበሳት ብልህ አይሆንም፣ ምስክር አይበላም ብለህ መስኮት ላይ አስቀመጥሃት። በኋላ ሸታ ደብቄ ጣልኋት እንጂ እስከ ዛሬም ባላነሳሃት።

ደግሞ ፍቅር አላሳወረህም። ዳገት ላይ እግር ትበላለች አልህ። ጭቃ በመገጣጠሚያዋ ይገባል፣ አንድ ብሎን ቢጠፋ ጎንደር ላይ ምትክ አይገኝላትም አልህ። ቁልቁለት ላይ እሷ ትሸከመኛለች፣ ወንዝ ስንደርስ ተሸካሚው እኔ ነኝ ብለህ አጉረመረምህ። አንዱን ቀን አመስግነሃት በማግስቱ ታማታለህ። ስለ እኔም ለጓደኞችህ እንዲሁ ታወራ እንደሆን ጠርጥሬ ነበር።

የኔ ድርሻ ቀለበቷ ነበረች። ከኮርቻው ሥር ያለችው፣ አየር ተሞልታ እንደ ሞላ የምትሰምጥና የምትነሳው ቱቦ ላይ የተጠለቀችዋ ጥቁር የጎማ ቀለበት። ሰው ሲቀመጥ ቱቦዋ ትሰምጥና ቀለበቷን ትገፋታለች፤ ሰው ሲወርድ ቱቦዋ ትነሳለች፣ ቀለበቷ ግን የተገፋችበት ላይ ትቀራለች። አየሩ ለሰውየው ክብደት ልክ መሆኑ የሚታወቀው ቀለበቷ አንድ አውራ ጣት ያህል ስትገፋ ነው ብለህ አስተማርኸኝ። ራስህ ተቀምጠህ ራስህ ማየት ስለማትችል፣ ግድግዳ ተደግፈህ ኮርቻው ላይ ትወጣለህ፣ እኔ ተንበርክኬ አነባለሁ። ሲበዛብህ ታስተነፍሳለህ፣ ሲያንስህ በዚያች የአየሩን መጠን በመርፌ በምታሳይ ትንሽ መንፊያ ትሞላለህ። አንድ ቀን «ልክ ነህ» ስልህ ከላይ ሆነህ ራሴን ዳበስኸኝ። የዚያን ዕለት መርፌዋ የቆመችበትን ቦታ እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ስደውልልህ ስልክህን የማላውቀው ሰው አነሳው። «እቴ፣ ሰውየው ከአንድ ጥድ ሥር ጋደም ብሏል፤ ብንጠራው ብንጠራው አልሰማ አለን» አለኝ። ድምፁ ገር ነበር። ቀስቅሱታ፣ ምሳውን ሳይበላ ነው የወጣው አልሁት። እንዲህ አልሁ፣ አስናቀ! ሰው ሞተ ሲሉኝ ስለ ምሳ አወራሁ።

ልቡ ነው አሉን ሐኪሞቹ። አልወደቅህም፤ ገላህ ላይ ጭረት አልነበረም። ሳይክሏን ጥዱ ላይ በወጉ አስደግፈህ፣ ቆብህን አውልቀህ መሪዋ ላይ ሰቅለህ ነው ያረፍኸው። እናትህ ግን ይህን አልሰማ አሉ። ልጄን የበላች እሷ ናት፣ ገደል ትግባ አሉ።

ለቅሶህ የሆነው እናትህ ደጅ፣ አምባ ጊዮርጊስ ነው። እዚያ አገር ወንድ ሲሞት በቅሎው ተጭና በለቀስተኛው መካከል እንደምትዞር ካንተ የበለጠ ማን ያውቃል። የአባትህ በቅሎዎች ከተሸጡ ዘመን የላቸውም። አጎትህ አያ ደሴ ታዲያ የወንድሜ ልጅ ያለ መጋለቢያ አይለቀስለትም ብለው ሳይክሏን አወጧት። የአባትህን በቅሎ ግላስ፣ ያንን ቀይ የክብር ልብሷን፣ ኮርቻው ላይ ጣሉባት። ጃኬትህን መሪዋ ላይ አንጠለጠሉ። መሪዋን ይዘው ሲዞሩ ማንም የሳቀ የለም። አልቃሿም አየቻትና እንዲህ አለች፦

እህል የማትቀምስ፣ ውሃ የማትጠጣ፣
በቅሎህ ቆማ ቀረች፣ ጌታዋ ሳይመጣ።

አገሩ በእንባ ታጠበ። አያ ደሴም አልቻሉም፤ የበቅሎ አንገት እንደሚታቀፍ ኮርቻው ላይ በሙሉ ደረታቸው ወደቁ። ሳይክሏ ሰመጠች። ሽውውው ብላ ወረደችና ሽማግሌውን ይዛ ቀስ ብላ ተነሳች። ለቅሶው ቀጥ አለ። አንዲት ሴት «ተነፈሰች!» ብላ ጮኸች፣ ቄሱ አማተቡ፣ አያ ደሴ መሪዋን ለቀው ወደ ኋላ ሸሹ። እኔስ? እኔ ሳቅሁ፣ አስናቀ። በባሌ ለቅሶ መካከል፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ራሴን አላወቅሁትም። ሴቶቹ አብዳለች ብለው ያዙኝ፣ ጸበል ይረጩብኝ ጀመር። ያን ሰዓት ካንተ በቀር የሚገባው ሰው አልነበረም፤ ዞሬ ላይህ ስል ነው ሞትህ የገባኝ። ከዚያ በኋላ ያለቀስሁት ለቅሶ ሳቄን ሁሉ አስረሳቸው።

እናትህ ለአርባህ ወደ ፀዳ መጥተው በዚያው ቀሩልኝ። ሳይክሏን ፊት አይሰጧትም፤ ደጅ ሲወጡ በሷ በኩል አያልፉም። አለቃህ ጨዋ ሰው ነው፤ ሳይክሏ ለቤተሰቡ ትሁን፣ ብቻ ታናሽ ወንድሙ ፍተሻውን ይጨርስልኝና ሌሎቹን ልግዛ አለ። ታናሽህ ሙሉቀን ያለ ሥራ እንደተቀመጠ ታውቃለህ፤ ሳይክሎቹ ከመጡ አስጎብኚ ሆኖ ይቀጠራል። ነገር ግን እሱ ካንተ ይከብዳል። እንዲነዳት አየሩ ለሱ ልክ መለወጥ አለበት። አይነካም አልሁ። ጎማዋን ንፋ፣ ሰንሰለቷን ቅባ፣ ያቺን ቱቦ ግን እንዳትነካት አልሁት። እዚያ ውስጥ ያለው ባንተ ክብደት ልክ የተሞላ ነዋ! ከልብሶችህ ጠረንህ ጠፍቷል። ፎቶህ ላይ ያለው ቆዳህ ብቻ ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ልክህ ያለው እሷ ውስጥ ብቻ ነበር።

ከትምህርት ቤት ስመለስ የተማሪዎቼን ደብተሮች አስቀምጬ፣ ግድግዳውን ተደግፌ እቀመጥባት ነበር። ለኔ ድንጋይ ናት፤ አትሰምጥም። አለመስመጧን ነበር የምወደው። ገና አንተን እየጠበቀች ነው እል ነበር። ሙሉቀንም ዓመቱን ሙሉ ደግ ሆኖ ሳይነካት ቆየ።

ትናንት እንደ ልማዴ ተቀመጥሁ። እስከ ታች ወረደች። አልተነሳችም።

ክው አልሁ። ምድር የከዳችኝ መሰለኝ። ሮጬ ወጥቼ ሙሉቀንን አንገቱን አነቅሁት፤ አስተነፈስሃት፣ ወንድምህን አወጣኸው እያልሁ ጎረቤቱ እስኪሰማ ጮኽሁ። ምስኪን፣ የአስናቀ አጥንት ይፋረደኝ፣ ጫፏን አልነካኋትም እያለ እንባው መጣ። ለአለቃህ ቢደውልለት ማንም አልነካትም፣ አየሩ በጊዜ ብዛት በራሱ ቀስ እያለ ይወጣል አለው። በራሱ! እኔ በር ዘግቼ ስጠብቅህ፣ አንተ ማንንም ሳትሰናበት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ስትወጣ ነበር ማለት ነው። ካንዴም ሁለቴ እንደሞትህብኝ ቆጠርሁት። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ከዚያ የሆነውን ብነግርህ አታምንም። እናትህ ከውስጥ ወጡ። ሙሉቀንን መንፊያውን አምጣ አሉት። እኔን ተነሽ አሉኝ። እኔም መርፌዋ ያንተ ቦታ ላይ እስክትደርስ አስሞላሁት፤ እጄን ይዘው ኮርቻው ላይ አወጡኝ። ከዚያ ያ የሚያማቸውን ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ፊታቸውን ዓመት ሙሉ ካዞሩባት ሳይክል ሥር ተንበረከኩ። ሊጠይቁን በመጡ ጊዜ አንተን ስለካህ ከጓዳ ያዩኝ ነበር ለካ። ዓይናቸው እንደሁ የመርፌ ቀዳዳ አይስትም። ቀለበቷን አዩ፣ አዩ፣ በጥፍራቸው ነኩ። ከጥፍር ውፍረት በላይ አልተንቀሳቀሰችም።

«ምነው ልጄ፣ አንች ይህችን ታህያለሽ? የኔስ ልጅ ሞቶ ነው። አንች ምን ሁነሽ ነው እንዲህ ያለቅሽው?»

 ቀሚሴ መስፋቱን አይቻለሁ፣ ተማሪዎቼ ሲንሾካሾኩም ሰምቻለሁ፤ ሐዘን ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ሟች የመሰልሁት እኔ መሆኔን ግን ያንተ ቀለበት እስክትመሰክርብኝ አላወቅሁም። እኔ ቀረሁ ብዬ ነበር የማስበው፤ አየሬ ግን ካንተ ጋር አብሮ ሲወጣ ነበር። እናትህ እግሬን ታቅፈው አለቀሱ፣ እኔም ራሳቸውን ዳበስኋቸው፣ አንተ እንደዳበስኸኝ። ሙሉቀን ላስተንፍሳት ወይ አለኝ። አስተንፍሳት አልሁት። ቀለበቷ ለኔ ልክ እስክትሆን ሽሽ እያለ ወጣ።

ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ተስማምተናል። በሥራ ቀን ለሙሉቀን ትሞላለች። እንቁላል ኪሱ ከትቶ ከኮሶዬ ቁልቁል ይወርዳል፤ ዳገቱን፣ ጭቃውንና ብሎኑን ጨምሮ ያንተን ሐሜት ሁሉ ነግሬዋለሁ፣ ለአለቃህ ሳይቀንስ ያደርሳል። እሑድ እሑድ እንድነዳት ለኔ ትሞላለች። ከቅዳሴ ስንመለስ እናትህ ተንበርክከው ቀለበቷን ሊያነቡ ነው፤ ካልከበድሽ ከምሳ አትነሽም ብለውኛል። ዛሬ ቂቤውን ያበዙት ነገር ለጉድ ነው።

አስናቀዬ፣ አየርህን ማቆየት አልቻልሁም። ልክህን ግን አልረሳም። መንፊያዋን በያዝሁ ቁጥር መርፌዋ እየወጣች እኔ ቦታ ላይ ትቆማለች። ከዚያ እስካንተ ቦታ ያለው ባዶ ነው። ሁልጊዜ ያን ባዶ አየዋለሁ፣ ልክ ነህ እላለሁ፣ ከዚያ እነዳለሁ።

ቀለበትህን የምታነብልህ፣
ሚስትህ